የእሑድ የልብ ሕመምተኞች

በቅርቡ አንድ የታሪክ ምሁር፣ በደርግ ዘመን በክፍለ ሀገር ከተሞች የቅንጦት ዕቃ የሚሰበስብ ሰው አልነበረም ብሎ ጽፎ አነበብኩ። «ድህነቱም ፍርሃቱም አይፈቅድም ነበር» ይላል። ጋዜጣውን ወረወርኩት። ይህ ሰው አዋሳን አያውቃትም። ቢያውቃት እንኳ የእኛን ሳሎን አያውቅም። በ1976 ዓ.ም. እዚያ ሳሎን ውስጥ አራት የስዊዘርላንድ ክሮኖግራፎች ነበሩ፤ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ፣ በጎናቸው ሁለት መጫኛ ያላቸው፣ ፊታቸው ላይ ትናንሽ ዓይኖች የሚዞሩባቸው የእጅ ሰዓቶች። አራት ሰዎች እየተዋደዱም እየተቀናኑም ይሰበስቧቸው ነበር። የዓይን ምስክር ነኝ።

ምስክርነቴ አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበርና፣ አራቱም ሰዎች በልብ ሕመም ሊሞቱ ነው ብዬ አምን ነበር።

አባቴ ወልደአማኑኤል ድሬሰር ነበር። ሙያውን የተማረው በሚሲዮን ክሊኒክ ነው። ያስተማሩት ፈረንጅ ሐኪም አገር ለቀው ሲሄዱ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡት። ፊቱ ነጭ ነው፤ በዙሪያው በቀይ ቀለም የተጻፉ ቁጥሮች አሉት። የላይኛውን መጫኛ ስትጫነው ረጅሙ ቀጭን መርፌ ይነሣል። የሕመምተኛውን የልብ ትርታ እስከ ሠላሳ ትቆጥርና እንደገና ትጫነዋለህ። መርፌው የቆመበት ቀይ ቁጥር፣ ልቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚመታ ይነግርሃል። ማባዛት የለ፣ ማካፈል የለ። አባቴ ይህን ሲያስረዳ ድምፁ ይለሰልስ ነበር። እናቴ ታቢታ ደግሞ፣ «እኔን ሲያጨኝ እንኳ እንዲህ አልተለሳለሰም» ትል ነበር።

ነገሩ ሁሉ የተጀመረው ከዚያ ሰዓት ነው። ፒያሳ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው ጋሽ ጠሀ አየውና እንቅልፍ አጣ። የዲላ መስመር አውቶቡስ ሾፌሩ ጋሽ በኃይሉ፣ አንድ የመንገድ መሐንዲስ ጥቁር ፊት ያለው ክሮኖግራፍ ሸጦ ወደ አገሩ ሊገባ ነው የሚል ወሬ ይዞ መጣ። የእግር ኳስ ዳኛው ጋሽ ደረሰ ደግሞ አርባ አምስት ደቂቃ የምትቆጥር ትንሽ ዓይን ያለችው ሰዓት መኖሯን ሰማና ምግብ አልበላ አለው። አንዳቸውም ለብቻቸው መግዛት አይችሉም። ስለዚህ የዚህ አገር ሰው ጉልበት ሲያንሰው የሚያደርገውን አደረጉ፤ ዕቁብ ገቡ።

ዕቁቡ ግን እንደ ሌላው ዕቁብ አልነበረም። በጋራ የተገዛው ሰዓት የአንድ ሰው አይሆንም። በወሩ መጨረሻ እሑድ አራቱም ሰዓቶች ጠረጴዛ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ይመረመራሉ፣ ዕጣ ይወጣል። እያንዳንዱ ዕጣው ያደረሰውን አስሮ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ወር ይዞት ይመጣል። ከባለቤቱ እጅ በፈቃድ ያልተገኘ ሰዓት እዚያ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም ነበር። በዚያ ዘመን የሰው ቤት፣ የሰው መኪና፣ የሰው አልጋ ሳይቀር ባለቤቱ እያየ ይወሰድ እንደነበር ለማያስታውሱ ነው ይህን የምነግራቸው። በየአዳራሹ ስለ ጋራ ንብረት ሲለፈልፉ የሚውሉት ሰዎች አንድ ትራክተር በጋራ መያዝ አቅቷቸው ይናከሱ ነበር። እነዚህ አራት ሰዎች ግን አራት ሰዓት በጋራ ያዙ። ምክንያቱን የሚያብራራልኝ ምሁር ካለ ይምጣ።

«ወርቅ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት አያድርም ነበር» ይላል ጋሽ ጠሀ። «ይኼ ብረት ነው። ብረት የሠራተኛው ነው። ማን ይጠረጥረዋል?»

እውነቱን ነው። ወርቅ የሚያድነው ዓይን ብረት አያይም። አስቸጋሪው ሰዓቱ ሳይሆን ስብሰባው ነበር። እኛ ጴንጤ ነበርን። በጴንጤ ቤት እሑድ ጠዋት አራት ጥንድ ጫማ በረንዳ ላይ ከታየ፣ የተደበቀ ጸሎት ነው ተብሎ ለቀበሌ ይነገራል። ጋሽ ጠሀ ነው መላውን ያመጣው። «እኔ የገባሁበት ቤት የጴንጤ ጸሎት ሊሆን አይችልም፤ ይኼ አንድ» አለ። «አንተ ደግሞ ሐኪም ነህ። ሰው ድንገት ከገባ እጄን ያዝና ትርታዬን ቁጠር። የልብ ሕመምተኞች ነን፤ ይኼ ሁለት።»

ይህን ሁሉ የሰማሁት አድጌ ነው። ያኔ ያየሁት ከመጋረጃው ቀዳዳ የሚታየውን ብቻ ነበር።

ከመጋረጃው ቀዳዳ የሚታየው ይህ ነው፦ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ተዘርግቷል። ሰዎቹ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው ይቀመጣሉ፤ የግራ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ እጃቸውን ፎጣው ላይ ይዘረጋሉ። አባቴ የሆስፒታል ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካና ክቡን ጫፍ ደረታቸው ላይ ሳይሆን እጃቸው ላይ ያሳርፈዋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ጋሽ ጠሀ ትንፋሹን ይይዛል። በመስኮቱ የሐይቁ ነፋስ ይገባል፤ የዓሣ ሽታ አለበት። ከጣሪያችን ላይ የአባ ኮዳ፣ የዚያ የሐይቁ ትልቅ ወፍ፣ እግር ቆርቆሮውን ሲቧጥጥ ይሰማል።

«ዝም በሉ፣ ልስማበት» ይላል አባቴ።

«እኛ ዝም ብለናል። ወፉን ዝም አሰኘው» ይላል ጋሽ በኃይሉ።

አባቴ ማዳመጫውን ያወልቅና ራሱን ይነቀንቃል። «ትንሽ አቧራ ሳይገባበት አይቀርም።»

«በእኔ እጅ አይደለም የገባው» ይላል ጋሽ ደረሰ። «እኔ ጋ በነበረ ጊዜ በጨርቅ ነበር የምጠቀልለው። ይኼ ሾፌር ነው ከዲላ የሚያመጣው።»

አቧራ ልብ ውስጥ ይገባል ማለት ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ አቧራ ሲነሣ በአፍንጫዬ ብቻ እተነፍስ ነበር።

ከዚያ ዕጣው ይመጣል። የተጠቀለሉ ወረቀቶች በብርጭቆ ውስጥ ይናወጣሉ። ሁሉም የሚመኘው ጥቁሩን ነበር፤ ለሌሎቹ ሰዓቶች ማንም ያን ያህል ደንታ የለውም። ጥቁሩ የወጣለት ፊቱ ይበራል፤ ያልወጣለት ይጠወልጋል።

«ወጣልኝ» አለ አንድ እሑድ ጋሽ በኃይሉ፤ ወረቀቱን ሳመው።

«አሁንም? አንተ ሰውዬ ወረቀቱን ታሸተዋለህ እንዴ?» አለ ጋሽ ደረሰ።

«ዳኛ ሆነህ ታማርራለህ? ስንቱ ተጫዋች ያንተን ፍርድ ችሎ የለ?»

ጋሽ ጠሀ ወረቀቱን መልሶ ጠቀለለው። «እኔ ድሮም ዕድል የለኝም» አለ፤ አፉን እየጠረገ ተነሣ።

እኔም ከመጋረጃው ኋላ ነገሩን ሁሉ ደረስኩበት። ሰዎቹ ልባቸውን ታመዋል። መድኃኒቱ በእጅ የሚታሰር ነገር ነው። ከአራቱ የሚያድነው ጥቁሩ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ማስታገሻ ናቸው። አንድ ብቻ ስለሆነ ዕጣ ይጣልበታል። ጋሽ ጠሀ ደግሞ አይደርሰውም። ጋሽ ጠሀ እኮ በሱቁ ባለፍኩ ቁጥር ከረሜላ የሚሰጠኝ ሰው ነው።

ጓሮ ጎመን ትቀነጥብ ወደነበረችው እናቴ ሄድኩ። «እማዬ፣ ጋሽ ጠሀ ይሞታል?»

«ከምን?»

«ከሕመሙ።»

እናቴ ወደ ሳሎኑ አየች፤ ሳቋን ዋጠችው። «አይሞትም። የሁሉም ሕመም አንድ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ታማሚውንም አይገድልም። የሚገድለው ሚስቱን ነው።»

ይህ መልስ አላጽናናኝም። እንዲያውም አናደደኝ። ልጅም ሆኜ ቶሎ ነበር የምናደደው። ትምህርት ቤት በየቀኑ ሁሉም ነገር ለሰፊው ሕዝብ ነው እየተባልን እየዘመርን፣ በገዛ ቤቴ አንድ መድኃኒት ለአራት ሰው ዕጣ ይጣልበታል። አባቴ ይህን ዝም ብሎ ያያል። አቤት ለማለት ወሰንኩ።

አቤት ያልኩት ለጎረቤታችን ለእትዬ ሙሉጌጥ ነው። እትዬ ሙሉጌጥ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሹም ነበረች፤ ከአጥር ወዲያ ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። ነገሩን ከነክርክሩ ዘረገፍኩላት፤ ሕመሙን፣ ማዳመጫውን፣ ዕጣውን፣ የጋሽ ጠሀን ዕድለ ቢስነት። እሷ ግን ስለ ፍትሕ ያልኩትን አልሰማችም።

«አባትሽ ልብ ይመረምራል እንዴ?» አለችኝ።

«በወሩ መጨረሻ እሑድ። በነጻ።»

«በነጻ» የሚለውን ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። ከዚህ ወዲያ ብዙ ጽፌአለሁ፤ እንደዚያ ቃል ሕዝብ ያንቀሳቀሰልኝ ግን የለም።

በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እሑድ ጠዋት በራችን ላይ ሰልፍ ተሠራ። ደረታቸውን የያዙ አሮጊቶች ነበሩ። ከምሥራቅ በኩል በብስክሌት የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ከቱላ በጋሪ የመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ልጃቸው ደግፏቸው፣ በሲዳምኛ ይራገሙ ነበር፤ ሕመሙን ይሁን ጋሪውን እንጃ። እትዬ ሙሉጌጥ ሰልፉን ታስተካክላለች።

ሳሎን ውስጥ አራቱ ሰዓቶች ፎጣው ላይ ተሰጥተዋል፤ አንዱ ጀርባው ተከፍቶ። አባቴ በመስኮት አየና ቀለሙ ተለወጠ። «ማን ነው ይህን ያወራው?»

«እንመልሳቸው» አለ ጋሽ ደረሰ።

«ከመለስናቸው ታዲያ ምን ስትሠሩ ነበር ይሉናል» አለ ጋሽ ጠሀ። «ክፈት በሩን። ዛሬ ሁላችንም ሐኪም ነን።»

ጀርባው የተከፈተው ሰዓት ተገጥሞ ሁሉም አንዳንድ ሰዓት አሰሩ። ሰው ገባ። አባቴ በነጩ ሰዓት በትክክል ይመረምራል። የሦስቱ ምርመራ ግን፣ አሁን ሳስበው፣ በማንኛውም አገር ያስከስሳል። የጋሽ በኃይሉ ጥቁር ሰዓት ቁጥሮቹ የፍጥነት ናቸው። ከቱላ ወዲያ በኪሎ ሜትር ድንጋይና ድንጋይ መካከል እየተጫነ የአውቶቡሱን ፍጥነት የሚያነብበት ነው። የአንዲት አሮጊት እጅ ያዘ፤ ተጫነ፤ ጠበቀ፤ ተጫነ።

«ሰባ ነዎት፣ እማማ» አላቸው። «ለዳገት ጥሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ግን ቀስ ይበሉ።»

«ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ዶክተር» አሉት።

ሽማግሌውንም ከልጃቸው ጋር በሲዳምኛ እያወራ ተቀበላቸው፤ የዲላ መስመር ቋንቋውን አስተምሮታል። ወዲያው ጨዋታ ደርቶ ሽማግሌው ይስቁ ጀመር። የመጡበትንም ሳይረሱ አልቀሩም። ጋሽ ደረሰ ደግሞ ለመረመረው ሰው ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነበር፤ «መሐል ላይ ዕረፍት ያስፈልግዎታል።» ጋሽ ጠሀ የሴቶችን እጅ መያዝ ስላፈረ በሩቁ እያየ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነዎት» እያለ ይሸኛቸው ነበር። እኔ በኩራት አብጬ ከመጋረጃው ወጣሁ። አቤቱታዬ ሠርቷል፤ መድኃኒቱ ለሰፊው ሕዝብ ደርሷል።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸው የመጣው ያኔ ነው። አንድ ጠብመንጃ የያዘ ጥበቃ አስከትሏል፤ ጥበቃው በረንዳው ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ ሳሎኑ መሐል ቆመ። ሰዉ እንዲወጣ በእጁ ምልክት ሰጠ። የገቡት ወጡ። አራቱ ብቻ ቀሩ፤ እኔም ቀረሁ፤ ልጅ ሰው አይደለምና ማንም አላየኝም።

«ይኼ ምን ስብሰባ ነው፣ ጓድ ወልደአማኑኤል?»

«ስብሰባ አይደለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። የጤና ምርመራ ነው» አለ አባቴ።

«በማን ፈቃድ? ጸሎት እንደሆነ ንገሩኝ።»

«እኔ በጴንጤ ጸሎት?» አለ ጋሽ ጠሀ። «ቀስ ብለው ይናገሩ እንጂ፣ ሚስቴ ትሰማለች።»

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። ዓይኑ ጋሽ ጠሀ እጅ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ጋሽ ደረሰ እጅ ላይ፤ ከዚያ ጋሽ በኃይሉ እጅ ላይ። «እነዚህ ሰዓቶች ምንድን ናቸው?»

ሊጠፋ የነበረው ነገር ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ሰዓቶቹ ይወረሳሉ፤ አራቱ የአድኃሪ ስብስብ ተብለው ይያዛሉ፤ አባቴ ከሥራው ይባረራል፤ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። በዚያ ጊዜ በከተማው ከዚህ ባነሰ ነገር የጠፉ ነበሩ።

እኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ጓድ ግዛቸው ወደ ጋሽ በኃይሉ ሄዶ፣ «ይህን ፍታው» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጥቁሩን። መድኃኒቱን። ከአራት ሕመምተኞች ላይ።

ደሜ ፈላ። ዘልዬ መሐላቸው ገባሁ። «አይወስዱትም! ከፈለጉ እንደ ሰው ተራዎን ጠብቀው ይታከሙ!»

«ብርቅዬ» አለ አባቴ።

«አባባ ሁሉንም ሰው ያያል። እርስዎንም ያይዎታል። እጅዎን ያምጡ!» የተዘረጋውን እጁን በሁለት እጄ ያዝኩና፣ እንደ አባቴ ታማሚዎች እጅጌውን ወደ ላይ ሰበሰብኩት።

የካኪ ሸሚዙ ቁልፍ ተበጠሰና ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

አራቱም ሰዎች የሊቀመንበሩን እጅ አዩ። አባቴ ጎንበስ አለ። ጋሽ ጠሀ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ጋሽ ደረሰ «አምላኬ» አለ፣ በጣም በቀስታ። እኔም ገባኝ፤ ሰውዬው ከሁሉም በላይ ታሟል፤ ሐኪሞቹ እንኳ ቃል አጥተዋል።

እጁ ላይ የነበረው ባለ ሁለት ዓይን የብረት ክሮኖግራፍ ነው። መርፌዎቹ ሰማያዊ ናቸው፤ ፊቱ ዕድሜ ጠግቦ የቅቤ መልክ ይዟል። እነ አባቴ እንዲህ ዓይነቱ አንድ ሰዓት በከተማው እንዳለ ሰምተው ሲያፈላልጉት ኖረዋል። ባለቤቱ ግሪካዊ የቡና ነጋዴ እንደነበር ያውቁ ነበር፤ አገር ሲለቅ ይዞት የሄደ መስሏቸው ተስፋ ቆርጠዋል። ሰዓቱ ግን ከእነሱ ቤት ጥቂት እልፍ ብሎ፣ በየሳምንቱ ስለ ቅንጦት ጎጂነት በሚያስተምር ሰው እጅጌ ሥር ይቆጥር ነበር።

ጓድ ግዛቸው እጁን አልሰበሰበም። ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ዞር ብሎ በረንዳው ላይ የቆመውን የጥበቃ ጀርባ አየ።

«በሩን ዝጉት» አለ።

ጋሽ በኃይሉ ዘጋው። አባቴ የሊቀመንበሩን እጅ በቀስታ ያዘ፤ በነጩ ሰዓት ትርታውን ቆጠረ። በእውነት ነው የቆጠረው፤ ልማድ ሆኖበት ይሁን ሌላ የሚያደርገው ነገር ጠፍቶት አላውቅም።

«ስንት ነው?» አለ ጓድ ግዛቸው።

«መቶ ሃያ ስድስት።»

«ያስፈራል?»

«እንደ ሁኔታው ነው» አለ አባቴ። «ከማን እጅ እንዳገኙት ቢነግሩን ይቀንሳል።»

ይህን ያህል ድፍረት በዚያ ዘመን ከማንም ምሁር አልሰማሁም። ሞት ደጅ ላይ ጠብመንጃ ይዞ ቆሟል፤ አባቴ የዕቁቡን ሕግ ይጠይቃል።

ጓድ ግዛቸው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የነጋዴው ሾፌር እንደነበር ተናገረ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርሰው ሰውዬው ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ አሰረለት። ከዚያ አብዮት መጣ፤ ሹመት መጣ፤ የበዝባዥ ስጦታ እጁ ላይ እንዳለ መናገር አልቻለም፤ ሊጥለውም አልቻለም። «ዕድሜውን አላውቅም፤ ምን ዘይት እንደሚወስድ አላውቅም» አለ። «ከቆመ ለማን አሳየዋለሁ?»

አራቱ ተያዩ።

«እኔ አምኜዋለሁ» አለ ጋሽ ጠሀ። «ውሸታም ሰው ስለ ዘይት አይጨነቅም።»

እኔ አላምነውም ነበር። አውቄ ቢሆን ኖሮ እዚያው እከራከር ነበር። ግን ስለ ሌላ ነገር ተጨንቄአለሁ። «ይድናል?» አልኩ።

አባቴ ወደ ሊቀመንበሩ እያየ፣ «እሑድ እሑድ ብቅ ቢሉ ጥሩ ነው» አለ።

ጓድ ግዛቸው እጅጌውን በሌላ እጁ ይዞ ወጣ። ውጭ ለቆመው ሰልፍ የጤና ምርመራው በቀበሌው ክትትል ሥር መሆኑን አስታወቀ። ጭብጨባ ተሰማ። እትዬ ሙሉጌጥ መፈክር አሰማች።

በሚቀጥለው ወር አምስት ሰዎች አምስት ሰዓት ፎጣው ላይ አስቀመጡ። አባቴ ከዚያ በኋላ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እሑድ ከሰዓት እየተቀበለ ሲመረምር ኖረ፤ ሐሰት ሆኖ የተጀመረው እውነተኛ ክሊኒክ ሆነ። የቀበሌውን ማኅተም የያዘ የፈቃድ ወረቀት ግድግዳችን ላይ ተሰቀለ።

እኔም ስለ ጓድ ግዛቸው መጸለይ ጀመርኩ። ምሳ ከመቅረቡ በፊት ጸሎት የማደርስ እኔ ነበርኩ። ስለ ምግቡ አመሰግናለሁ፤ ስለ ዘመዶቻችን እለምናለሁ፤ መጨረሻ ላይ «የጓድ ግዛቸውንም ልብ ፈውስ» እላለሁ። ይህን ባልኩ ቁጥር አባቴን ሳል ይይዘዋል። እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ትሸፍናለች። ከእኔ በቀር ለአንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ጤና በፈቃዱ የጸለየ ልጅ በመላው ኢትዮጵያ የነበረ አይመስለኝም። ሰውዬው እስካሁን በሕይወት አለ። አንድ ቀንም ጉንፋን ይዞት አያውቅም።

እውነቱን ያወቅሁት አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ጋሽ ጠሀ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ እየለካ ነገረኝና እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ተናደድኩ፤ በሁሉም ተናደድኩ። ከሁሉም በላይ በጓድ ግዛቸው። ያ ሰው እጅጌውን ቆልፎ ስለ ቁጠባ ያስተምረን ነበር። የሰፈራችንን ወጣቶች ለብሔራዊ ውትድርና የመዘገበው እሱ ነው፤ ከእነሱ ያልተመለሱ አሉ። እሑድ መጥቶ ሰዓት በፍላኔላ ሲወለውል ሳየው፣ ሰላም ሳልለው አልፍ ነበር። አባቴ ይቆጣኛል። እኔ አልመለስም።

ደርግ በወደቀበት ሳምንት፣ በግንቦት 1983፣ ዕቁቡ የሚወጣበት እሑድ ደረሰ። ከሰሜን የሚሸሹ ወታደሮች በጭነት መኪና ከተማዋን ያቋርጡ ነበር። ሱቆች ተዘግተዋል። የቀበሌ ሹሞች ገሚሱ ጠፍተዋል። አባቴ፣ «ዛሬ ማንም አይመጣም» አለ፤ ፎጣውን ግን ዘረጋ። ሦስቱ መጡ። ከእነሱ ቀጥሎ በር ተንኳኳ። ግዛቸው ነበር፤ ካኪውን አውልቆ የሲቪል ሹራብ ለብሷል። ባለፈው ወር የደረሰውን ሰዓት ፈታና ፎጣው ላይ አስቀመጠ።

«እስካሁን አልሄዱም?» አለ አባቴ።

«በእጄ ያለው የእናንተ ነው። ይዤው እንዴት እሄዳለሁ?»

ሊነሣ ሲል ጋሽ ጠሀ እጁን ያዘው። «ዕጣ ሳይወጣ አይነሣም። ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ውጭ የመኪና ጩኸት እየተሰማ ወረቀቱ ተናወጠ። ጥቁሩ ለግዛቸው ወጣ። ወረቀቱን ብዙ አየው። «ዛሬ ይህን የሚያስር እጅ የለኝም» አለ፤ «አስቀምጡልኝ።» የራሱን፣ ያንን የግሪካዊውን ሰዓት እንኳ ትቶ ሄደ። በሳምንቱ እጁን ሰጠና ታሰረ።

የታሰረው ለዓመታት ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ዕቁቡ ቀጠለ፤ ጥቁሩ ግን ከዕጣ ወጣ። ሁሉም የሚመኘውን ሰዓት ማንም እጁ ላይ አላሰረውም። «ዕጣው የእሱ ነው» አለ አባቴ። ሰዓት ካልተሞላ ዘይቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ በየቀኑ የሚሞላው ሰው ያስፈልግ ነበር። አባቴ እኔን ሾመኝ።

«ለዚያ ሰውዬ? እኔ?»

«ለሰዓቱ ነው» አለኝ።

ጠዋት ሰዓቱን እሞላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስለ ሰውዬውና ስለ መሰሎቹ እጽፋለሁ። ዩኒቨርሲቲ ስገባም ሰዓቱን ይዤው ሄድኩ። ጽሑፎቹ ታትመዋል፤ ከአንዱም አንዲት ቃል አልሰርዝም። እነዚያ ሰዎች በአደራ ሊሰጣቸው የሚችል ነገር እንደሌለ ጽፌአለሁ። ይህን ስጽፍ ሰዓቱ ክርኔ አጠገብ ነበር።

የተፈታው እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። እሑድ መጣ። ከስቷል፤ ፀጉሩ ነጭቷል። እነ ጋሽ ጠሀ ተነሥተው አቀፉት። እኔ አልተነሣሁም። አባቴ ጥቁሩን አውጥቶ ሰጠው። ግዛቸው እጁ ላይ አሰረው፤ ክንዱ ቀጥኖ ስለነበር ማሰሪያው ሰፋበት። ወደ ጆሮው አስጠጋው።

«ይሠራል» አለ። «ማን ሞላው?»

አባቴ ወደ እኔ ጠቆመ።

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። ጥቂት አየው፤ ከዚያ ፈታውና ከሌሎቹ ሰዓቶች ጎን ፎጣው ላይ አስቀመጠው። ጋሽ በኃይሉ ወረቀቶቹን መጠቅለል ጀምሮ ነበር።